ስለ ኤፒተልየም አሠራርና አከፋፈል፤ ከአማርኛ ስያሜው ጋር

የሕክምናና የሥነ ሕይወት ቃላትን በአማርኛ ለማዘጋጀት በተቀመጥንባቸው ጊዜያት ብዙ ክርክር ካስነሡብን ቃላት አንዱ «ኤፒተልየም» የሚለው ነው። የሚሰየመው ነገር በሰውነታችን ውስጥ የማይገኝበት ቦታ ጥቂት በመሆኑ፥ ለአንዱ ቦታ የተስማማው ስያሜ ለሌላው አልስማማ እያለ አስቸግሮናል። በዚህ ጽሑፍ ነገሩ ምን እንደሆነ፥ እንዴት እንደተሠራና በምን በምን እንደሚከፈል እየገለጽን፥ በየደረጃው የመረጥናቸውን የአማርኛ ቃላት ከነምክንያታቸው ለአንባብያን እናቀርባለን። ያልተስማማንባቸውም አሉ፤ እነርሱንም አንደብቅም።

አስቀድሞ ስለ ሁለት መሠረታውያን ቃላት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ሕዋስ» ከግእዝ የወረስነው ቃል ሲሆን፥ በቀድሞው አገባቡ የስሜት መቀበያን ያመለክታል፤ «አምስቱ ሕዋሳት» ሲባል ማየት፥ መስማት፥ ማሽተት፥ መቅመስና መዳሰስ ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። ይኸው ቃል ሕያው አካል ሁሉ ለተሠራበት ትንሽ ክፍል ስያሜ ሆኖ በትምህርት መጻሕፍት ከገባ ወዲህ፥ ሁለቱ ትርጉሞች ሳይጋጩ አብረው ኖረዋል። የፖለቲካ ድርጅቶች ለአነስተኛው የአባላት ክፍላቸው ሲወስዱት ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም ተጨመረለት። አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ቢኖረው አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ የሙያ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ነው። ወደ ኋላ «እጢ» ከሚለው ቃል ስንደርስ ይህን እናስታውሰዋለን።

«ኅብረ ሕዋስ» የሕዋሳት ኅብረት፥ ማለትም ተመሳሳይ ሕዋሳት ለአንድ ሥራ ተባብረው የሚገኙበት የአካል ክፍል ነው። ፈረንሳዮችና እነርሱን የተከተሉ አውሮፓውያን ለዚህ ነገር የሰጡት ስም ከሽመና የመጣ ነው፤ የተሸመነ ጨርቅ እንደ ማለት ይሆናል። ግዛቪየ ቢሻ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን አካል በ21 ዓይነት ኅብረ ሕዋስ ከፍሎ አሳይቷል። ቢሻ በማይክሮስኮፕ አያምንም ነበርና፥ ይህን ሁሉ የለየው በዓይኑ እያየ፥ በእጁ እየዳሰሰ፥ እየቀቀለና እያደረቀ ነው። ሕያው ነገር ሁሉ ከሕዋሳት የተሠራ ነው የሚለው ትምህርት በዚያን ጊዜ ገና አልወጣም ነበር፤ ስለዚህ አውሮፓውያን በእጅ ሲዳሰስ የሚመስለውን፥ ማለትም ጨርቁን፥ ስም አድርገው አስቀሩት። የአማርኛው ስያሜ ዘግይቶ በመውጣቱ ተጠቅሟል፤ የነገሩን አሠራር በስሙ ይናገራልና። ዛሬ የቢሻ 21 ዓይነቶች ወደ 4 ተጠቃለዋል፤ እነርሱም ኤፒተልየም፥ አያያዥ ኅብረ ሕዋስ፥ ጡንቻና ነርቭ ናቸው። የእኛ ጉዳይ ከመጀመሪያው ጋር ነው።

«ኤፒተልየም» የሚለው ቃል አመጣጥ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጥሩ ትምህርት ነው። ቃሉን በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የፈጠረው ፍሬድሪክ ሩይሽ የተባለ የሆላንድ የአካል ጥናት ሊቅ ነበር። ሩይሽ ከንፈርን የሚሸፍነውን ስስ ነገር ሲመረምር፥ ከሥሩ የጡት ጫፍ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉብታዎች አየ፤ በግሪክ «ኤፒ» «በላይ»፥ «ቴሌ» ደግሞ «የጡት ጫፍ» ነውና ሁለቱን አጋጥሞ ስም አወጣለት። ኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1838 ገደማ፥ ያኮብ ሄንለ የተባለው ጀርመናዊ ይኸው ነገር የሰውነትን የውጭ ገጽና የውስጥ ክፍት ቦታዎች እንደሚያለብስ አሳየ፤ በሕዋሳቱም ቅርጽ ከፋፈለው። የጡት ጫፍ ነገር በዚህ ጊዜ ፈጽሞ ተረስቷል። ቃሉ ግን ቀረ፤ ማንም አልለወጠውም።

ከዚህ የምንረዳው የባዕድን ቃል ክፍል በክፍል ማፍረስና እያንዳንዱን ቁራጭ በግእዝ መተካት ሁልጊዜ ወደ እውነቱ እንደማያደርስ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለጨዋታ ያህል ይህንኑ ቢሞክር «ላዕለ ጥብ» የሚል ወጣለት። ግእዙ ምንም አይወጣለትም፤ ነገር ግን አንድ የሕክምና ተማሪ የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ «ላዕለ ጥብ» ብሎ ሲጠራ መስማት የሚፈልግ ያለ አይመስለንም።

ሁለተኛው መንገድ ከሥራው ተነሥቶ መሰየም ነው። ብዙ ሰዎች «ሽፋን» የሚለውን ያቀርባሉ። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ግን በጣም ሰፍቷል። የመጽሐፍ ሽፋን አለ፥ የዜና ሽፋን አለ፥ የመድን ሽፋን አለ። በራሱ በሕክምናው ውስጥም አጥንትን፥ ነርቭንና አንጎልን የሚሸፍኑ ነገሮች ሁሉ «ሽፋን» ተብለዋል፤ አብዛኞቹ ደግሞ ኤፒተልየም ሳይሆኑ የአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ወገን ናቸው። ልብስ ሰፊዎች «ገበር» የሚሉት ቃል ለአንጀትና ለደም ሥር ውስጠኛ ገጽ እጅግ ይስማማል፤ ለቆዳ ግን አይሆንም፥ ገበር በውጭ አይለበስምና። «ልባስ» የሚለው የውጩንም የውስጡንም ስለሚያካትት ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ስለሆነም ለመላው ወገን «ልባስ ኅብረ ሕዋስ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን፤ «ኤፒተልየም» የሚለውም ጎን ለጎን ይቆያል። ሐኪሙ ከዓለም ባልደረቦቹ ጋር የሚነጋገርበትን ቃል ልንቀማው አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ዓለም አቀፍ የኅብረ ሕዋስ ስያሜዎች ዝርዝርም ያንኑ የጥንት ቃል በላቲን አጻጻፉ ይዞ ቀጥሏል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። ልባስ ኅብረ ሕዋስን ከሌሎቹ የሚለየው ዋነኛ ነገር የሕዋሳቱ መጠጋጋት ነው። በአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ሕዋሳት በብዙ ጭረትና ዝልግልግ ነገር መካከል ተበታትነው ይኖራሉ፤ በዚህኛው ግን በመካከላቸው የሚተርፍ ቦታ ከቁጥር አይገባም። ጎን ለጎን ተሰካክተው በተለያዩ መጋጠሚያዎች ይያያዛሉ። ከመጋጠሚያዎቹ አንዳንዶቹ ውሃ እንኳ እንዳያልፍ የሚዘጉ ናቸው፤ ሌሎቹ እንደ ልብስ ቁልፍ እዚህም እዚያም ሕዋስን ከሕዋስ ጋር ይቆልፋሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቃቅን ነገሮች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ቁልፎቹ ሲፈቱ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሕመም አለ፤ ሰውነት የራሱን ቁልፎች እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠቃ ቆዳና የአፍ ውስጥ በትንሽ መታሸት እየተላጠ ውሃ ይቋጥራል።

እያንዳንዱ የልባስ ሕዋስ ሁለት የተለያዩ ጫፎች አሉት። አንደኛው ወደ ክፍቱ ቦታ፥ ማለትም ወደ አየሩ፥ ወደ ምግቡ ወይም ወደ ሽንቱ የሚያይ ነው፤ ሁለተኛው ከሥሩ ካለው አካል ጋር የተያያዘ ነው። ለእነዚህ ሁለት ጫፎች ከየትም ቃል መበደር አላስፈለገንም። አልጋ ያለው ቤት ሁሉ የሚያውቃቸው «ራስጌ» እና «ግርጌ» የሚሉ ቃላት ልክ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ የቀረው ደግሞ «ጎን» ነው። ከክፍሉ ሥራ በቀላሉ የተስማማንበት ይህ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ራስጌና ግርጌ በሥራቸው አይመሳሰሉም። የአንጀት ሕዋስ በራስጌው ስኳርን ከምግቡ ይቀበላል፥ በግርጌው ለደም ያስረክባል፤ ሁለቱ ቢቀያየሩ ምግብ ከደም ወደ አንጀት ይፈስ ነበር።

ግርጌው የሚያርፍበት ስስ ነገር አለ። «የመሠረት ንጣፍ» ብለነዋል። ሕዋሳቱ ራሳቸውና ከሥር ያለው አያያዥ ኅብረ ሕዋስ በጋራ የሚሠሩት፥ ኮላጅንና ሌሎች ፕሮቲኖች የሚገኙበት ወለል ነው። የደም ሥር እዚህ ድረስ ይመጣል፥ ንጣፉን አልፎ ግን ወደ ልባሱ አይገባም። ዶማ ይዞ ሲቆፍር የዋለና እጁ ያልለመደ ሰው መዳፉ ውሃ ሲቋጥር፥ በውስጡ የሚታየው ጥርት ያለ ፈሳሽ እንጂ ደም አይደለም፤ የተላቀቁት ሕዋሳት ደም ሥር ከሌለው ከልባሱ ውስጥ ናቸውና። ምግብና አየር ለልባሱ የሚደርሰው ከሥር ካለው ደም በንጣፉ በኩል እየሰረገ ነው። ወደ ኋላ ስለ ካንሰር ስንናገር ይህ ንጣፍ እንደ ድንበር ሆኖ ይመለስብናል።

በመጨረሻም ልባስ ዘወትር ይታደሳል። የትንሹ አንጀት ልባስ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይተካል፤ የቆዳው አንድ ወር ያህል ይወስዳል።

ስለ አከፋፈሉ ስንናገር ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ሕዋሳቱ ስንት ድርብ ናቸው? ቅርጻቸውስ ምን ዓይነት ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሆኑት «ነጠላ» እና «ድርብርብ» ናቸው። ነጠላ ልባስ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው፥ እያንዳንዱም ሕዋስ በመሠረት ንጣፉ ላይ የቆመ ነው። አንድ ባልደረባችን የአገራችን ነጠላ ሁለት ድርብ፥ ጋቢውም አራት ድርብ መሆኑን ጠቅሶ ቃሉን ተቃውሞ ነበር። ልብሱ ነጠላ የተባለው ግን ከጋቢው ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ በሰዋስው «ነጠላ ቁጥር» ስንል ደግሞ አንድነቱ ጥርጥር የለውም። ተቃውሞው ተመዝግቦ ታልፏል።

ለሁለተኛው ጥያቄ ሦስት ቅርጾች አሉ። ከቁመታቸው ስፋታቸው የሚበልጠው፥ ቁመትና ስፋታቸው የሚተካከለውና ከስፋታቸው ቁመታቸው የሚበልጠው። መካከለኛውን «ኩብ መሳይ»፥ ረጅሙን «ዓምዳዊ» ማለት አላስቸገረም። ያስቸገረው የመጀመሪያው ነው። የላቲኑ ቃል ከዓሣ ቅርፊት የመጣ ስለሆነ «ቅርፊታማ» የሚለው በቀጥታ ይመጣል፤ ሕዋሳቱም ከላይ ሲታዩ በእርግጥ የዓሣ ቅርፊት ይመስላሉ። ዳሩ ግን በአማርኛ ቁስል ሲደርቅ የሚይዘውም ቅርፊት ይባላል። ጤናማ ሳንባ ያለው ሰው የሳንባው ውስጥ «ቅርፊታማ» እንደሆነ ቢነገረው ቁስል ያለበት ይመስለዋል። ስለዚህ የዓሣውን ትተን «ዝርግ» የሚለውን መርጠናል።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ መታወቅ አለበት። ድርብርብ ልባስ የሚሰየመው በራስጌው ረድፍ ቅርጽ ብቻ ነው። የቆዳ ልባስ «ድርብርብ ዝርግ» ሲባል ሕዋሳቱ በሙሉ ዝርግ ናቸው ማለት አይደለም፤ ከመሠረት ንጣፉ ላይ ያሉት ኩብ ወይም አጭር ዓምድ ሆነው ተወልደው፥ ወደ ላይ እየተገፉ ሲሄዱ ይዘረጋሉ። ይህን ያልተረዳ ተርጓሚ አንድ የትምህርት መጽሐፍ ላይ «ሁሉም ዝርግ የሆኑ ብዙ ረድፎች» ብሎ ጽፎ አይተናል።

ነጠላ ዝርግ ልባስ ነገር በፍጥነት ማለፍ ባለበት ቦታ ይገኛል። የሳንባ የአየር ከረጢቶች ዋነኛ ምሳሌ ናቸው፤ በዚያ ቦታ አየርን ከደም የሚለየው ጠቅላላ ውፍረት ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛው ያንሳል። የደም ሥሮችና የልብ ውስጠኛ ገጽም በዚሁ ዓይነት ተለብጧል፤ ነገር ግን ቪልሄልም ሂስ የተባለው የባዝል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 ለእነዚህ የውስጥ ገጾች «ኢንዶተልየም» የሚል የተለየ ስም አውጥቶላቸዋል። በጽንስ ውስጥ የበቀሉበት ሥር ስለሚለይ፥ ከኤፒተልየም ወገን ይቈጠሩ ወይስ አይቈጠሩ የሚለው ክርክር አላበቃም። እኛ «የደም ሥር ገበር» ብለን፥ ከላይ የጣልነውን «ገበር» እዚህ ላይ ሥራ ሰጥተነዋል።

ነጠላ ኩብ መሳይ በኩላሊት ቱቦዎችና በአንገት ላይ ባለው በታይሮይድ እጢ ይገኛል። ነጠላ ዓምዳዊ ደግሞ ከጨጓራ ጀምሮ እስከ ትልቁ አንጀት መጨረሻ ገደማ ያለውን ገጽ ይለብጣል፤ የሚመጥና የሚያመነጭ ሕዋስ ለሥራው ቁመት ያስፈልገዋል። በአንጀቱ ሕዋሳት ራስጌ ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቃ ጣቶች ተደርድረው የመምጠጫውን ገጽ ያሰፋሉ። የድሮ መጻሕፍት የሰው አንጀት ቢዘረጋ የቴኒስ ሜዳ ያህላል ይሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ልኬት ግን ወደ 30 ካሬ ሜትር ገደማ አውርዶታል። በመካከላቸው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩ፥ ሆዳቸው የሰፋ ግርጌያቸው የቀጠነ ሕዋሳት አሉ፤ «ዋንጫ ሕዋስ» ብለናቸዋል።

በአፍንጫና በትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ያለው ልባስ የክፍሉን ሥራ አንድ ሙሉ ቀን ወስዶበታል። ሲታይ ብዙ ረድፍ ይመስላል፤ የሕዋሳቱ ኑክሊየሶች አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ይታያሉና። ሲመረመር ግን እያንዳንዱ ሕዋስ በመሠረት ንጣፉ ላይ እግሩን ተክሏል፤ አንዳንዶቹ አጭር ስለሆኑ ራስጌ ድረስ አይደርሱም እንጂ ሁሉም አንድ ረድፍ ናቸው። አውሮፓውያን ለዚህ «ሐሰተኛ» የሚል ትርጉም ያለው ግሪክኛ ቅጥያ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ «ሐሳዊ ድርብርብ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። በአማርኛ «ሐሳዊ» ግን «ሐሳዊ መሲሕ» ከሚለው ጋር አብሮ ያደገ ቃል ነው፤ ሆን ብሎ የሚያታልልን ያመለክታል። የትንፋሽ ቧንቧ ሕዋስ ማንንም አላታለለም፤ የተሳሳተው ተመልካቹ ነው። «ድርብርብ መሳይ» በሚለው ተስማማን። በእነዚህ ሕዋሳት ራስጌ ላይ እየተወዛወዙ አቧራና ዝልግልጉን ወደ ጉሮሮ የሚገፉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ላቲኑ በዓይን ሽፋሽፍት ስም ይጠራቸዋል። በዚህ ቦታ ምሳሌው ስለተስማማን «ሽፋሽፍት» ብለነዋል፤ ለዓይኑም ለትንፋሹም ሥራው አቧራ መከላከል ነው።

ድርብርብ ዝርግ መታሸት የሚበዛበት ቦታ ልባስ ነው። ቆዳ፥ አፍ፥ የምግብ ቧንቧና የሴት ብልት ውስጠኛ ገጽ በዚህ ተለብጠዋል። በቆዳ ላይ የላይኞቹ ረድፎች ሞተው በኬራቲን ተሞልተው ይደርቃሉ፤ በአፍና በምግብ ቧንቧ ግን እርጥብ ሆነው ይቆያሉ። ኬራቲን ቀንድና ጥፍር የሚሠሩበት ነገር ስለሆነ «ቀንዳም» የሚል ስያሜ ቢቀርብም፥ ቀንድ ያወጣ ሰው የሚያስመስል በመሆኑ «ኬራቲን ለበስ» ብለናል። ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ ውስጥ እግሩ ላይ ያለው ይህ ልባስ በዓይን ቆብ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ድርብርብ ኩብ መሳይ በላብ ቱቦዎች ይገኛል፤ ድርብርብ ዓምዳዊ ግን ከስንት አንድ ቦታ ስለሆነ አንዘገይበትም።

አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት ልባሶችን እንደሚያሳስት ለማየት ወደ ወጥ ቤት መግባት ይበቃል። የበሬ ጨጓራ ለዱለት ሲዘጋጅ በፈላ ውሃ ተነክሮ ጥቁሩ ነገር ተፍቆ ይወገዳል። ያ የሚፋቀው ጠንካራና ኬራቲን ለበስ የሆነ ድርብርብ ዝርግ ልባስ ነው፤ በሣርና በገለባ የሚታሸው የበሬው የፊት ጨጓራ እንዲህ ያለ መከላከያ ያሻዋል። የሰው ጨጓራ ልባስ ግን ነጠላ ዓምዳዊ ነው። ተማሪዎች የሰውን ጨጓራ በበሬው መስለው እንዲያስቡ የሚያደርጋቸው የስሙ አንድነት ነው፤ በመዝገበ ቃላቱ «ጨጓራ» ሥር ሁለቱን ለይተን ማብራራት ያስፈለገንም በዚህ ምክንያት ነው።

በፊኛና በሽንት ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ልባስ የቀድሞ ስሙ «የመሸጋገሪያ» ነበር፤ ከዝርግና ከዓምዳዊ መካከል ያለ ይመስል ስለነበር ነው። የሚሸጋገር ነገር ግን የለበትም። ፊኛው ባዶ ሲሆን የራስጌው ሕዋሳት እንደ ጉልላት ያብጣሉ፥ ሲሞላ ደግሞ ይዘረጋሉ። የዛሬ ሊቃውንት በሽንት ስም ይጠሩታልና እኛም «የሽንት ልባስ» ብለናል። የራስጌውን ሕዋሳት የዓለም መጻሕፍት «ጃንጥላ» ይሏቸዋል፤ በአማርኛም ጃንጥላ ሕዋስ ቢባል ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያሳይ ጥሩ ስም ነው።

ልባስ መልበስ ብቻ አይደለም ሥራው። ከገጹ ወደ ታች ጠልቆ የሚያመነጭ ክፍል ሲሆን እጢ ይባላል። ምራቅ፥ ላብና ወተት የሚያወጡት ቱቦ አላቸው፤ ቱቦ አልባዎቹ ንጥረ ነገራቸውን በቀጥታ ለደም ይሰጣሉ። ስለ አመነጫጨታቸው መከፋፈል ብዙ ማለት ቢቻልም፥ እኛን ያስጨነቀን «እጢ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በተራው ሰው አነጋገር እጢ ማለት አለአግባብ የበቀለ እብጠት፥ ብዙ ጊዜም የካንሰር እጢ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ተገኝተን ያየነውን እንጥቀስ። አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ አንድ አዛውንትን «አባባ፥ የአንገትዎን እጢ እንመርምረው» አለቻቸው። አዛውንቱ ደነገጡ። «እጢ ወጥቶብኛል ማለትሽ ነው፥ ልጄ?» ብለው ጠየቁ። እርሷም ለማረጋጋት «አይ አባባ፥ እጢውማ ድሮም አለዎት» ብላ መለሰች። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ የነገረቻቸውን አንዱንም የሰሙ አይመስለንም።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ካንሰርን የሚያመለክት ሆኖ ሳለ፥ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን በተሕዋስ የሚተላለፈው፥ በመድኃኒት የሚድነው የሳንባ በሽታ ነው። በዚህም የተነሣ የጤና ሠራተኞች «የሳንባ ካንሰር» ለማለት የባዕዱን ቃል ከመጠቀም በቀር አማራጭ አጥተዋል። ስለ እጢ የደረስንበት መፍትሔ ግማሽ ነው። ለተፈጥሮው ክፍል «አመንጪ እጢ»፥ ለሕመሙ «የበቀለ እጢ» እንዲባል፥ «እጢ» ብቻውን ግን በሕመምተኛ ፊት እንዳይነገር እንመክራለን።

ጉዳዩ ከስም ክርክር ያለፈ መሆኑ የሚታየው በካንሰር ላይ ነው። በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው ካንሰር 80 ከመቶ በላይ የሚሆነው ከልባስ ኅብረ ሕዋስ የሚነሣ ነው። የሚታደስ ሕዋስ የመሳሳት ዕድሉ ብዙ ነው፤ ለጢስ፥ ለፀሐይና ለተሕዋስም የተጋለጠው ልባሱ ነው። ሕዋሳቱ ተዛብተው ሳለ የመሠረት ንጣፉን እስካላለፉ ድረስ ደም ሥር አያገኙምና አይሰራጩም፤ ንጣፉን ከበጣጠሱ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

የማኅፀን በር ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። አማርኛ «በር» ማለቱ በራሱ ደስ ያሰኛል፤ በእርግጥም ድንበር ነው። በውጭ በኩል ያለው ልባስ ድርብርብ ዝርግ፥ ወደ ውስጥ ያለው ነጠላ ዓምዳዊ ነው። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ የውስጡ ዓምዳዊ ልባስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከብልቱ አሲድ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ በድርብርብ ዝርግ ይተካል። ይህ መተካት የተፈጥሮ ነው፤ ሕመም አይደለም። ዳሩ ግን ሒዩማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ ሕዋሳቱን ወደ ካንሰር የሚያዛባው በአብዛኛው በዚሁ በመተካት ላይ ባለው ቀበቶ ላይ ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባት የሚከላከለው ይህንኑ ቫይረስ ነው። በጤና ጣቢያዎች ቀጭን አሴቲክ አሲድ፥ ማለትም በአቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ፥ በማኅፀን በር ላይ ተቀብቶ ነጭ የሚሆነው ቦታ የሚፈለገውም በዚሁ ድንበር ላይ ነው።

እንግዲህ በዚህ ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ የአንዱ ዓይነት ልባስ በሌላ ጤናማ ዓይነት መተካትና የሕዋሳት መዛባት። ምርመራ ያደረጉ እናቶች ሲነግሩን ሁለቱም በአማርኛ «ለውጥ አለ» ተብሎ ነው የሚገለጽላቸው። የመጀመሪያው ውጤት የደረሳት እናት ያለ ምክንያት ስትጨነቅ፥ የሁለተኛው የደረሳት ደግሞ «ለውጥማ ያለ ነው» ብላ ለሕክምና ሳትመለስ ትቀራለች። ከሁሉ ቃላት ይልቅ ለዚህ ጥንድ ፈጥነን ስም ማውጣት እንዳለብን የተስማማነው ስለዚህ ነው።

ለሁለተኛው «መዛባት» የሚለውን ሁላችንም ተቀብለናል፤ «የልባስ መዛባት»፥ «ቀላል መዛባት»፥ «ከባድ መዛባት» እየተባለ ደረጃውን ለመግለጽ ይመቻል። ለመጀመሪያው «የልባስ ምትክ» የሚል ቀርቧል። ይህ ቃል ከማኅፀን በር ውጭም ያገለግላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በትንፋሽ ቧንቧው ሽፋሽፍት ያለው ልባስ በድርብርብ ዝርግ ሲተካ የልባስ ምትክ ነው፤ ቫይታሚን ኤ ያጣና ዳፍንት የያዘው ሕፃን የዓይኑ እርጥብ ልባስ ኬራቲን ለብሶ ሲደርቅም ያው ነው። ሁለቱ ምሳሌዎች ግን የተቃዋሚዎቻችንን ክርክር አጠንክረዋል። «ምትክ» በአማርኛ የጎደለውን የሚሞላ፥ መልካም ነገር ነው፤ የሕፃኑ ዓይን ሲደርቅ ምን ተተካለት ይላሉ። በእነርሱ በኩል «የልባስ ቅያሬ» ቀርቧል፤ ይህም በበኩሉ ልብስ መለወጥን ያስመስላል የሚል ተቃውሞ ገጥሞታል። እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ «ምትክ» በጊዜያዊነት ተይዟል፤ ከማኅፀን በር ምርመራ ክፍሎች በቃሉ ሲሠሩበት እናቶች እንዴት እንደ ተረዱት የሚጽፍልን ባለሙያ ቢኖር ደብዳቤውን ከሌላው ሁሉ አስቀድመን እናነባለን።